ፕሮፌሰሩ የመሰከረለት የጅብ ጥላ

እንደ ጎረቤቴ እንደ ፕሮፌሰሩ ያለ አዋቂ በዚህ ሰፈር አልተፈጠረም። ይህን የነገረኝ እሱ ራሱ ነው። ውሃ ሲቋረጥ ለምን እንደተቋረጠ ያውቃል። መብራት ሲጠፋ በስንት ሰዓት እንደሚመጣ ይናገራል፤ ካልመጣ ደግሞ ለምን እንዳልመጣ ያስረዳል። ለቅሶ ቤት ገብቶ ሟቹ በምን በሽታ እንደሞተ ሲነገረው «አይደለም» ይልና ሌላ በሽታ ይሰጠዋል። ሟቹ አይከራከርም። ዕድሜው ሰባ አምስትን አልፏል፤ ምላሱ ግን ገና ጎረምሳ ናት። ፊት ለፊት ስንገናኝ አንቱ እለዋለሁ። እዚህ ወረቀት ላይ «እሱ» ይበቃዋል።

ልጅ ሳለሁ እወደው ነበር። አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል እንጂ መውደድ ብቻ እንኳ አይደለም፤ ፀሐይም የምትወጣው እሱን አስፈቅዳ ይመስለኝ ነበር።

ያኔም የምንኖረው ዛሬ በምኖርበት ግቢ ነው። ከፊት የአባቴ የእንጨት ሥራ ቤት፣ ከኋላ የምንተኛባቸው ሁለት ክፍሎችና ማድ ቤቱ፣ ጥግ ላይ ደግሞ የምትከራይ አንዲት ክፍል። እናቴ እኔን በወለደች በዓመቱ ስላረፈች ያሳደገችኝ አክስቴ ናት፤ የአባቴ ታናሽ እህት። አባቴ የሶፋውን አጥንት ይሠራል፣ እሷ ሥጋውን ታለብሰዋለች። ቀኑን ሙሉ ከስፌት መኪናዋ ስለማትነሳ ከንፈሮቿ መሀል ሁልጊዜ አራት አምስት ስፒል አለ። በዚህ የተነሳ ብዙ አትናገርም። መናገር ሲኖርባት ስፒሎቹን አንድ በአንድ ከአፏ አውጥታ ጨርቁ ላይ ትሰካለች፤ ያን ስትጀምር አባቴ ሳይቀር መዶሻውን ያስቀምጣል።

የጥጓን ክፍል የተከራየው ፕሮፌሰሩ ነበር። ሥራው አንድ ላቦራቶሪ ውስጥ ነው። ነጭ ጋዋኑን ለብሶ ይወጣል፣ ነጭ ጋዋኑን ለብሶ ይመለሳል፣ እሑድም ለብሶት ደጅ ላይ ይቀመጣል። ምን እንደሚሠራ ሲጠየቅ «ምርምር» ይላል። ካደግኩ በኋላ ለራሴ ጉዳይ እዚያው ላቦራቶሪ ሄጄ አንድ የድሮ ሠራተኛ ባገኝ ጠየቅሁ። ጠርሙስ አጣቢ ነበር አሉኝ። ጠርሙስ ማጠብ ምንም ነውር የለውም፤ የታጠበ ጠርሙስ ባይኖር ሐኪሙ ምኑን አይቶ ምን ይለን ነበር? እሱ ግን ሠላሳ ዓመት ሙሉ እጁን ከኪሱ ሳያወጣ ኖረ፤ ጣቶቹ በሳሙና ብዛት የተላጡ ስለሆኑ እንዳይታዩበት። እኔ ያን ጊዜ እጅ በኪስ ማድረግ የሊቅ ምልክት መስሎኝ፣ ኪስ ያለው ቀሚስ ካልተሰፋልኝ ብዬ አክስቴን አስለቅሻታለሁ።

እኔን የሚጠራኝ «ዶክተር» እያለ ነው። የስምንት ዓመት ልጅን ዶክተር ብለው ከጠሯት ከዚያ ወዲያ ምንም ቢያደርጓት ይቅርታ አላት። አክስቴን እንዲድርለት አባቴን ጠይቆ ነበር፤ ካገባት እኔንም ወስዶ መታጠቢያ ቤቱ ውስጥ ሙቅ ውሃ ያለበት ቤት እንደሚያኖረኝ ነግሮኝ ነበር። ሙቅ ውሃው የት እንዳለ አልጠየቅሁም። አባቴም የጠየቀ አይመስለኝም።

የዚያ ዓመት ዝናብ ጠንካራ ነበር። ግቢው ጭቃ ስለሚሆን አባቴ ካለፈው ዓመት ጀምሮ ከመላጊያ ማሽኑ ሥር የሚሰበሰበውን ፍቅፋቂና ስብርባሪ እንጨት ከውጭው በር እስከ ሥራ ቤቱ፣ ከዚያም እስከ መጸዳጃ ቤቱ አስነጥፎት ነበር። ሲነጠፍ ወርቅ ይመስላል። ሲሰነብት ይጠቁርና ሲረግጡት እንደ ስፖንጅ ሰመጥ ይላል። አንድ ቀን ጠዋት ትምህርት ቤት ልሄድ ስወጣ መንገዱ ግራና ቀኙን አብቦ ጠበቀኝ።

አበባ አልነበረም፤ የጅብ ጥላ ነው። ቀለሙ ቀይ ነው እንዳልል ብርቱካን፣ ብርቱካን ነው እንዳልል ቀይ፤ ዓይን የሚወጋ ነገር። ትልቁ የብርጭቆ አፍ ያክላል፣ ትንሹ የካፖርት ቁልፍ። እርጥበት ስላለው እንደ ተወለወለ ጫማ ያበራል፤ ጠርዙ ላይ ደግሞ ነጫጭ ፍርፋሪ ጣል ጣል ብሎበታል። አንዱን ነቅዬ ብገለብጠው ከሆዱ በኩል እንደ መጽሐፍ ገጽ የተደረደረ ስስ ግራጫ ነገር አየሁ። እግሩ ነጭ ሆኖ ሥሩ ላይ ብቻ ቀላ ብሏል።

ከአባቴ ሠራተኞች ትልቁ ጋሽ ኮላ ይባል ነበር፤ ከጣቱ ላይ ማጣበቂያ ጠፍቶ ስለማያውቅ ነው። መጥቶ አየና ክው ብሎ ቀረ። ከዚያ ኮፍያውን አውልቆ አባቴ ዘንድ ሄደ።

«ጌታዬ፣ ይህ የእኔ ጥፋት ነው።»

«ምኑ?»

«ቀዩን ቀለም። የወንበሮቹን የብረት እግር ስቀባ ብሩሹን እዚያ ፍቅፋቂ ላይ ነው የማጥበው። እንጨቱ ጠጥቶት ነው እንዲህ የወለደው።»

አባቴ «ቀለም አይወልድም» ማለት ሲገባው ትንሽ አሰበና «ከዛሬ ጀምሮ በባልዲ እጠብ» አለው። እኔ ደግሞ ነገሩን አምኜ፣ ሰማያዊ እንዲበቅልልኝ የቀለም ብልቃጤን ከአጥሩ ሥር ገለበጥኩት። ያተረፍኩት የጆሮ ቁንጥጫ ነው።

በሦስተኛው ቀን ዳይሬክተሯ መጡ። የአንድ ትልቅ ትምህርት ቤት ኃላፊ ናቸው፤ ለሁሉም ክፍል ዴስክ ሊያሠሩ ከአባቴ ጋር ተነጋግረው ፊርማ ብቻ ቀርቶ ነበር። አባቴ ለዚህ ሥራ ብሎ እንጨቱን አስቀድሞ ገዝቶ ደርድሯል፤ ሥራው ቢቀር ጋሽ ኮላንና ሌሎቹን እንደሚያሰናብት ግቢው ሁሉ ያውቃል። ሴትየዋ በሩን አልፈው ሁለት እርምጃ እንደሄዱ ቆሙ።

«ይህ ምንድነው?»

«ምንም አይደል እመቤቴ፣ የጅብ ጥላ ነው» አለ አባቴ።

«የጅብ ጥላማ መሆኑን አያለሁ። እኔ የማውቀው የጅብ ጥላ በበሰበሰ እንጨት ላይ ሲበቅል ነው። ሕፃናቱን በበሰበሰ እንጨት ላይ ላስቀምጥልዎት ነው?»

ለዚህ መልሱ ቀላል ነበር። ዓመት ሙሉ ዝናብ የተኛበት ፍቅፋቂ ይበሰብሳል፤ የሴትየዋ የገዛ ጠረጴዛም ዓመት ሙሉ ደጅ ቢያድር ይበሰብስ ነበር፤ የዴስኩ ጣውላ ግን ጣራ ሥር ነው ያለው፣ ይግቡና ይዩት ማለት ነው። አባቴ ግን ከእንጨት ጋር እንጂ ከሰው ጋር መነጋገር አይሆንለትም። ጋሽ ኮላ «ቀለሙ ነው እመቤቴ፣ የእኔ ብሩሽ…» ብሎ ሲጀምር ነገሩ ይብስ ተበላሸ።

ያን ጊዜ ነው የጥጓ ክፍል በር የተከፈተው። ጋዋኑ፣ እጁ በኪሱ፣ አገጩ ላይ የጥርስ ሳሙና።

«እንኳን ደስ ያለዎት እመቤት!» አላቸው።

«በምኑ?»

«አያውቁትም? ይህ እኮ የጅብ ጥላ አይደለም፤ እንጉዳይ ነው። በተራ እንጨት ላይ ቢገድሉት አይበቅልም። ንጹሕ፣ አንደኛ ደረጃ እንጨት ሲያገኝ ብቻ ነው ብቅ የሚል። የእንጨቱ ምስክር ወረቀት በሉት!» ስሙንም በላቲን ጠራው። ያን ስም እስከ ዛሬ ስፈልገው አላገኘሁትም።

«ይበላል?» አሉ ዳይሬክተሯ።

«ይበላል ብቻ? ደም ያጠራል፣ ዓይን ያበራል። እኔ ራሴ ስንት ጊዜ በልቼዋለሁ!»

ሴትየዋ ፊታቸው ፈታ አለ። አባቴ እንደገና መተንፈስ ጀመረ። እኔ በኩራት ልፈነዳ ምንም አልቀረኝ። በሥራ ቤቱ መስኮት በኩል ግን አክስቴ ስፒሎቿን ከአፏ እያወጣች ጨርቁ ላይ ስትሰካ አየሁ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት።

«እንግዲያው ቅዳሜ ምሳ እዚሁ ነዋ» አለች። «እኔ እሠራዋለሁ። ፕሮፌሰር ይመርቁልናል፤ ዳይሬክተርም አብረውን ይቀምሳሉ።»

«በደስታ!» አሉ ዳይሬክተሯ። «ዓይኔ እያየ ከተበላማ ወዲያው እፈርማለሁ።»

ፕሮፌሰሩ ሳቀ። ረጅም ሳቅ ነው የሳቀው፤ አገጩ ላይ ያለው የጥርስ ሳሙና ደርቆ እስኪፈረፈር። ከደስታ ነው ብዬ ነበር።

በዚያን ቀን ማታ ከራት በኋላ የአባቴና የአክስቴ ንግግር በኮምፐልሳቶው ግድግዳ አልፎ ይሰማኛል።

«እንዲህ ያለ ሰው ከየት ታገኚያለሽ? አየሽው አይደል ሲናገር? የሰውየው አፍ ብቻውን ቤት ያቆማል።»

«ቤት የሚያቆመው ምሰሶ ነው ጋሼ። አንተ ይህ ይጠፋሃል?»

«ቀልዱን ተዪው። ሃያ ዘጠኝ ዓመትሽ ነው።»

«ስንት እንደሆነ አውቀዋለሁ፤ አብሬው ነው የኖርኩት።»

«ልጅቷም ትወደዋለች።»

በማስረጃነት ስለተጠራሁ ደስ ብሎኝ አልጋዬ ላይ ተገላበጥኩ።

«እሺ» አለች አክስቴ። «ቅዳሜ ምሳውን እንብላና መልሴን እነግርሃለሁ። እሺ ካልኩም እሺ ነው፣ እንቢ ካልኩም እንቢ ነው። ከዚያ ወዲያ ስለዚህ ነገር አታንሳብኝ።»

«በቃ!» አለ አባቴ። ሰርጉ ያለቀለት መሰለው። እኔማ ሙቅ ውሃው ውስጥ ገብቼ ነበር።

ያ ሳምንት ለፕሮፌሰሩ የጥናት ሳምንት ነበር። ማክሰኞ አክስቴ ዘንድ መጥቶ «ቅዳሜ እንኳ ሥራ ሳይጠሩኝ አይቀርም» አላት። «ግድ የለም፣ እሑድ እናደርገዋለን» አለችው። ረቡዕ «እንጉዳዩ ገና አልበሰለም» አላት። ሐሙስ «ጊዜው እያለፈበት ነው» አላት። «አልበሰለም ወይስ አለፈበት?» ስትለው «ሁለቱም በአንድ ጊዜ ሊሆን ይችላል፤ ሳይንሱ ሰፊ ነው» አለ። ትሕትናው ነው እል ነበር፤ ሰው እንዳያደንቀው እየሸሸ ነው።

ዓርብ በማለዳ ተነስቼ ስወጣ ደግሞ መንገዱ ላይ አገኘሁት። እንጉዳዮቹን በጫማው አንድ በአንድ ይደፈጥጣል። ጋዋኑ ጉልበቱ ድረስ ቀይ ፍርፋሪ ሆኗል።

«ምን እያደረጉ ነው ፕሮፌሰር?»

ዘለለ። ከዚያ ድምፁን አወፈረና «ዘሩ እንዲበተን ነው ዶክተር» አለኝ። «ምስጢር ነው። ለማንም እንዳትናገሪ።»

ምስጢሬን ይዤ ትምህርት ቤት ሄድኩ። ሌሊቱን ደህና አድርጎ ዘነበ፤ ቅዳሜ ጠዋት ብናይ በፊት ከነበረው እጥፍ ሆኖ በቅሏል። አቤት የሰውየው እውቀት! አልኩ።

ቅዳሜ አክስቴ ቅርጫት ይዛ ከውጭው በር ጀመረች። ዳይሬክተሯ መጥተው ወንበር ወጥቶላቸው ተቀምጠዋል፤ አባቴ ካፖርቱን ለብሷል፤ ጋሽ ኮላ ጥግ ቆሞ ኮፍያውን ያሻሻል። አክስቴ እየነቀለች፣ ለእያንዳንዱ ወደ ፕሮፌሰሩ እያሳየች «ይህስ?» ትለዋለች።

«እ… ይሆናል።»

«ይህኛውስ?»

«እሱም።»

ቅርጫቱ ሲሞላ ማድ ቤት ገብታ በሩን ከውስጥ ቆለፈችው። በልጅነቴ አክስቴ በሩን ቆልፋ ሠርታ አታውቅም። በቁልፉ ቀዳዳ ባይ ጀርባዋ ብቻ ይታየኛል፤ የቆርቆሮ ድምፅ ሰማሁ፣ ሽንኩርትና ቲማቲም ሸተተኝ። ትንሽ ቆይታ ጨርቅ የሸፈነችበት ባልዲ ይዛ በኋላ በር ወጣችና መጸዳጃ ቤቱ ውስጥ ደፍታው ተመለሰች። ጨርቁ ሲገለጥ ቀይ ነገር አይቻለሁ። የደረሰውን፣ የሚያምረውን መርጣ ለፕሮፌሰሩ እንዳይደርሰው እየጣለች ነው ብዬ አንጀቴ አረረ። ክፋት ነው አልኩ። ልታገባው ስለማትፈልግ ክብሩን እየቀነሰች ነው።

ምሳው በትልቁ ክፍል ነበር። ጠረጴዛው የአባቴ ሥራ ነው፣ የወንበሮቹ ልብስ የአክስቴ። ዳቦ ተቆርጧል። አክስቴ ከማድ ቤት እንፋሎቱ የሚወጣ ጎድጓዳ ሳህን ይዛ መጣች፤ ቀይ ነው፣ መሀሉ ላይ ቁርጥራጭ እንጉዳይ። ፕሮፌሰሩ ፊት አስቀመጠችውና ማንኪያ አቀበለችው።

«ባለሙያው ይጀምር» አለች።

ፕሮፌሰሩ ማንኪያውን ያዘ። ያን ዕለት ለመጀመሪያ ጊዜ እጁን ከኪሱ ውጭ ለረጅም ጊዜ አየሁት። ጣቶቹ እስከ አንጓቸው ተላጠዋል። ግንባሩ ረጥቧል፤ እንፋሎቱ መስሎኝ ነበር።

«እንዲህ ያለ ምግብ» አለ፣ «ጥቂት መቀዝቀዝ አለበት። ሙቀቱ ሲበዛ ቪታሚኑ…»

«ቀዝቅዟል» አለች አክስቴ።

«ከሁሉ በፊት ታሪኩን ባጭሩ…»

«ኧረ ቅመሱልን እንጂ!» አሉ ዳይሬክተሯ እየሳቁ። «እኛ ደግሞ ከእርስዎ ቀጥለን ልንበላ እኮ ነው!»

አባቴ ሳቀ። ፕሮፌሰሩም ሳቀ። ማንኪያውን ሳህኑ ውስጥ ነክሮ ሞልቶ አነሳው። ከንፈሩ ድረስ አደረሰው። እዚያ ቆመ። ዓይኑ ጠረጴዛውን ዞረ፤ አባቴን አለፈ፣ ዳይሬክተሯን አለፈ፣ እኔ ላይ ሲደርስ ፊቱ በራ።

«ኧረ እንዴት ረሳሁት!» አለ። «ዶክተር ከሁላችን መቅደም አለባት እንጂ! ሳይንስ ለነገው ትውልድ ነው! ነይ የእኔ ልጅ፣ ክፈቺ።»

እኔ ነኝ! ከአባቴ በፊት፣ ከዳይሬክተሯ በፊት፣ ከራሱ ከፕሮፌሰሩ በፊት። በሕይወቴ እንደዚያች ደቂቃ የተከበርኩባት ቀን ትዝ አይለኝም፤ በሠርጌም ቀን እንደዚያ አልሆንኩም። ከወንበሬ ብድግ ብዬ አፌን ከፈትኩ። ማንኪያው መጣ። ቲማቲሙ ሲሸተኝ፣ ሙቀቱ ከንፈሬን ሲነካው…

ጧ! አለ።

አክስቴ በመዳፏ መታችው። ማንኪያው ተሽከርክሮ ግድግዳው ላይ ተላተመ፤ ቀዩ መረቅ የዳይሬክተሯ ነጭ ሸሚዝ ላይ ተረጨ። አክስቴ ሌላ ማንኪያ አነሳች፣ ሳህኑን ከፕሮፌሰሩ ፊት ሳበችው፤ እንደቆመች ዓይኑን እያየችው መብላት ጀመረች። አንድ ማንኪያ። ሁለት። ሦስት። ሳትቸኩል፣ እያላመጠች። እስከ መጨረሻው በላችው። ቁራሽ ዳቦ አንስታም ሳህኑን ጠረገችው።

«ስስታም!» ብዬ ጮህኩ። «የእኔን ነው! ለእኔ ነው የሰጠኝ! ስስታም!»

አክስቴ ወደ እኔ አልዞረችም።

«ውጣ» አለችው ፕሮፌሰሩን።

«ምን አጠፋሁ? ልጅ ማክበር…»

«ውጣልኝ።»

ወጣ። አባቴ የሚያደርገው ጠፍቶት የዳይሬክተሯን ሸሚዝ በናፕኪን ሊጠርግ ሲል እጁን ገፉት። ሴትየዋ አክስቴን ረጅም ጊዜ ተመለከቷት፤ ፊቷ ላይ ሕመም ይታይ እንደሆን ይጠባበቁ ነበር መሰለኝ። ምንም አልታየም። ከዚያ ቦርሳቸውን ከፍተው እስክሪብቶ አወጡ። የፈረሙት እዚያው፣ የመረቁ ፍንጣሪ ባለበት ጠረጴዛ ላይ ነው። የአባቴን ሥራ ማን እንዳዳነው ያኔ ለማንም ግልጽ አልነበረም፤ አባቴ ግን ፕሮፌሰሩ ነው ብሎ ሞቷል።

ማታውን በግድግዳው በኩል የሰማሁት ንግግር አጭር ነበር። አክስቴ ዝግ ብላ የሆነ ነገር ነገረችው፤ አልለየሁትም። የአባቴ ድምፅ ግን ግልጽ ነበር።

«ሰው ነው፣ ይፈራል! ደግሞ ምን ሆነች? ምንም አልሆነች! እንግዳዬ ፊት አዋረድሽኝ። ወይ ነገ ሄደሽ ይቅርታ ጠይቂው፣ ወይ ከቤቴ ውጪልኝ።»

በማግስቱ ወጣች። የስፌት መኪናዋን ጋሽ ኮላ ተሸከመላት፤ ሁለት መንገድ ተሻግራ አንዲት ክፍል ተከራየች። ስትሰናበተኝ ልትስመኝ ጎንበስ ስትል ጉንጬን አዞርኩባት። እኔ እኮ ተበድያለሁ! ከአፌ የነጠቀችኝ እሷ፣ ሙቅ ውሃዬን ያስቀረችብኝ እሷ። ሁለት ዓመት በበሯ ሳልፍ አንገቴን ወደ ሌላ አዙሬ አልፌያለሁ። በመስኮቷ ቁጭ ብላ ስፌቷን ትሰፋ ነበር፤ ስታየኝ የመኪናው ድምፅ ቆም ይል ነበር። በቀጣዩ ዓመት አባቴ ያዛወረኝም ዳይሬክተሯ ትምህርት ቤት ነበር፤ ያን ሁሉ ጊዜ የተቀመጥኩበት ዴስክ እሷ በልታ ያቆየችው ነው። ስምንት ዓመት የሞላት ልጅ ብዙ አታውቅም ይባላል። ባታውቅ ጥሩ፤ እኔ ግን እንደ ፕሮፌሰሩ ያወቅሁ መስሎኝ ነበር።

ስታረቃት እንኳ ይቅር ብያት ነው። እሷም ይቅር መባሏን አመስግና ተቀበለችኝ። ከዚያ አንድ ሾፌር አገባች፣ ሁለት ወለደች፣ ሾፌሩ ሞተ፣ ዓይኗ ደከመ፤ ስለዚያ ምሳ ግን ትንፍሽ ብላ አታውቅም።

ባለፈው ክረምት አንድ ጎረቤት ቤት ተሰብስበን ፕሮፌሰሩ እንደ ልማዱ ሰው ሲያስተምር እኔን አየና «ይቺን ልጅ አያችኋት? ከራሴ አፍ ነጥቄ በማንኪያ ያበላኋት ልጅ ናት!» አለ። ሰው ሁሉ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። ደስም ብሎኛል፣ ልዋሽ? በማግስቱ አክስቴ ዘንድ ሄጄ እየሳቅሁ ነገርኳት። ሰባ አንድ ዓመቷ ነው፤ አሁንም ትሰፋለች። ስፒሎቹን ማውጣት ጀመረች።

«በማንኪያ ያበላኋት አለ?»

«አለ።»

«ያን ጊዜ ሳህኑ ውስጥ የነበረው ምን ይመስልሻል?»

«እንጉዳዩ ነዋ። ከመንገዱ የለቀምሽው።»

«እብድ ነኝ እንዴ? ያንን መጸዳጃ ቤት ነው የደፋሁት። ያቀረብኩት ከትልቁ ሱቅ የገዛሁትን የቆርቆሮ እንጉዳይ ነው። በቲማቲም ድልህ አቀላሁት።»

ቁጭ አልኩ። የቆርቆሮው ድምፅ፣ የባልዲው ጨርቅ ከአርባ ዓመት በኋላ አንድ በአንድ ቦታ ቦታቸውን ያዙ።

«ለምን?» አልኳት።

«አላውቅም እንዲል ነበር የፈለግኩት። ሌላ ምንም አይደለም። ጠረጴዛው ላይ ማንኪያውን አስቀምጦ ‹ይቅርታ፣ አላውቀውም› ቢል ኖሮ፣ እኔ ደግሞ ስቄ ከቆርቆሮ ነው እለው ነበር፣ ሁላችንም እንበላ ነበር። በዚያው ሳምንት አገባው ነበር። መልኩ ክፉ አልነበረም፣ አንቺም ትወጂው ነበር።»

«ለአባዬ ነገርሽው?»

«ያን ማታውኑ። ‹ሰው ነው፣ ይፈራል› አለኝ።»

«ለእኔስ?»

«ምን ብዬ ልንገርሽ? ስምንት ዓመትሽ ነበር። ዶክተር የሚልሽን ሰው…» አለችና የጀመረችውን ክር በጥርሷ በጠሰችው።

ለመጠየቅ የፈራሁት አንድ ነገር ቀርቶኝ ነበር።

«ታዲያ አክስቴ፣ የቆርቆሮ ከሆነ፣ ምንም የማይጎዳ ከሆነ፣ ማንኪያውን ለምን መታሽው?»

መነጽሯን አውልቃ አየችኝ። ያኔ፣ ስሰድባት ሳትዞርልኝ የቀረችውን ፊቷን አሁን ገና ያየሁት መሰለኝ።

«እኔ የሠራሁት እንጉዳይ ነበር» አለች። «እሱ ግን ያቀመሰሽ መርዝ ነው።»